የማዶዋ ምድጃ

ስለ ቅናት ሰዎች የሚያወሩት እንደ በሽታ ነው፤ የያዘውም ሰው ይደብቀዋል። እኔ አልደብቅም። ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ በምትኖር ሴት ቀንቻለሁ። ከልቤ፣ በየማለዳው፣ ቁጭ ብድግ እያልኩ ነው የቀናሁት። ያስቀናኝ ደግሞ ወርቋ ወይም ባሏ አልነበረም። ከጭቃ የሠራችው ምድጃዋ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ጨሞ ልንገራችሁ። እኛ ሚዛን ተፈሪ የምንኖር የቤንች ልጆች የቡናውን ፍሬ ለነጋዴ እንሸጣለን እንጂ ጠዋት የሚያነቃን ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ከጓሮ ይቀነጠሳል፣ እሳት ላይ ጠውለግ ይላል፣ ይወቀጣል፤ ከዚያ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጤና አዳም ጋር በትልቅ ማሰሮ ይንተከተካል። ይህ ነው ጨሞ። የሚጠጣው በቅል ነው፤ ያቃጥላል፣ ላብ ያወጣል፣ ዓይን ይገልጣል። ብቻውን የሚጠጣው ሰው ግን የለም። አንድ ቤት ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ የቀኑ ወሬ ሁሉ እዚያ ተጀምሮ እዚያ ያልቃል።

የሰፈራችን ጨሞ የሚፈላው እኔ ቤት ነበር። ከእኔ በፊት የሚያፈሉት አማቴ ነበሩ። ጉልበታቸው ሲደክም ማሰሮውን ለእኔ ለቀቁልኝና ከማሰሮው ጋር ጥሪውንና እሳቱን አወረሱኝ።

ጥሪው እንዲህ ነው። ማሰሮው ሲደርስ አጥሩ ጋ እቆምና እጄን አፌ ላይ አድርጌ «ጨሞ ደርሷል፣ ኑ!» እላለሁ። ቀጥዬ ቤቶቹን በየምልክታቸው እጠራለሁ፤ «የዋንዛዋ! የወፍጮ ቤቷ! የጥጓ!» የመጨረሻዋን ሲያነሡ ድምፅን ሳብ አድርጎ መልቀቅ አለ፤ እሱን እንኳ አማቴ ቆመው አስጠንተውኛል። ያልተጠራ አይመጣም። በር ላይ ቆሞ ሽታው ቢደርሰውም አይመጣም። ደንቡ ነው።

እሳቱ ደግሞ የማይጠፋ እሳት ነበር። ወፍራም ግንድ ሦስቱ ጉልቻ መሀል ይገባል፤ ሲፈላ ይገፋል፣ ካፈላም በኋላ አመድ ተደፍቶበት ውሎ ያድራል። የእኛ ቤት በዚህ ይታወቃል። ክብሪት በየኪዮስኩ በሞላበት ዘመን እንኳ ሴቶች «እሳት ልጫር» ብለው ይመጡ ነበር፤ የሚመጡት ለእሳቱ ሳይሆን ለወሬው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም ደስ ይለኝ ነበር። እሳት የማይጠፋባት ሴት መባልን የሚስተካከል ሹመት ለእኔ አልነበረም።

ያቺ ሴት ማዶ ያለውን ቤት ተከራይታ የገባችው ባሏ ሱቅ ከፍቶ ነው። ከጅማ በኩል የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። ሰፈሩ ስሟን ከማወቁ በፊት «የጅማዋ» አላት፤ እኔም እንደዚያው እላታለሁ። ዕድሜዋ ከእኔ በብዙ ያንሳል፤ ስታየኝ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ?» ብላ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች። ደህና አደርሽ እላታለሁ። ወደ እሷ ቤት ግን ዞሬ «የጅማዋ!» ብዬ የተጣራሁበት ቀን የለም። ቅጠል አትጠጣም አልኩ። ማን እንደነገረኝ እንጃ። አልጠየቅኋትም።

ያን ሰሞን ዝናቡ ከልቡ መዝነብ ትቶ ነበር። ሚዛን ዝናብ ለምኖ የሚያውቅ ከተማ አይደለም፤ እኛ ዝናብን የምናማው ሲበዛ ነው። አሁን ግን አንድ ቀን ጠብ ይልና ቡናውን ያሳብበዋል፣ ከዚያ ድራሹ ይጠፋል፤ አበባው እንዳለ ይረግፋል። ጠፋ ስንል ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ ይመጣና ወደ ሸዋ ቤንች ወረዳ የሚወስደውን መንገድ ቆርጦት ይሄዳል። ማገዶም እንዲሁ። ድሮ ከጓሮ ጀርባ ነበር፤ አሁን ሴቶቹ ተሸክመው ሲመጡ ከየት ነው ብለን ስንጠይቃቸው የሚጠሩልን ቦታ በየዓመቱ ይርቃል።

በዚህ ሁሉ መሀል ቀበሌው ስብሰባ ጠራን። ከግብርና የመጣች ወጣት ባለሙያ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ጥሩ አድርጋ አስረዳችን። ጎበዝ ልጅ ናት፤ አላንቀላፋንም ማለት ግን አልችልም። መጨረሻ ላይ «የየዕለት ልማዳችሁን ለመቀየር ፈቃደኛ የሆናችሁ እስኪ እጃችሁን አውጡ» አለች። አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። ማገዶ እንቀንስ ስትል አወጣን። ዛፍ አንቁረጥ ስትል አወጣን። ፌስታል እንተው ስትል አወጣን፤ የጥጓ እንዲያውም ሁለቱንም እጆቿን ነው ያወጣችው፣ ፌስታሉ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሎ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ከሁሉም ከፍ አድርጌ ነበር የያዝኩት።

ዞር ስል የጅማዋ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። ባለሙያዋም አይታታል። «እርስዎ ፈቃደኛ አይደሉም?» አለቻት።

«ቤቴ ሄጄ ልሞክረውና ከሆነልኝ አወጣለሁ» አለች። «ሳልሞክረው ባወጣ ወላሂ ውሸት ይሆንብኛል።»

አዳራሹ ሳቀ። ከሁሉ የበለጠ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ቤቴ ገብቼ ለአማቴ እያስመሰልኩ ነገርኳቸው፣ ግንዱንም ወደ ጉልቻው ገፋ አደረግሁት።

እሷ ግን አልሳቀችም። ባለሙያዋን ቤቷ ወስዳ ጠየቀቻት፤ ከዚያ ጭቃ በጭድ አቡክታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሠራች። ጭስ ማውጫውን በጣሪያው አሳልፋ ወደ ሰማይ አቆመችው። ከደጃፌ ላይ ሆኜ ነው ሁሉንም ያየሁት። ቀጠን ያለ እንጨት ታስገባለች፣ እንዲሁም የረገፈ የቡና ቅርንጫፍ። ማሰሮው ሲደርስ እንጨቱን ጎትታ ታጠፋዋለች። ታጠፋዋለች! ይህን ሳይ በጣም ነው የተገረምኩት፤ እንዴት ያለች ሴት ናት እሳት የምታጠፋ አልኩ።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ እኔ ዝንጅብሉን እየወቀጥኩ ሳለሁ፣ ከመንገዱ ማዶ ድምፅ ሰማሁ።

«ጨሞ ደርሷል፣ ኑ!»

ዘነዘናውን ለቀቅሁት። «የዋንዛዋ! የወፍጮ ቤቷ! የጥጓ!» የመጨረሻዋን ሳብ አድርጋ ለቀቀችው፤ ልክ እኔ እንደማደርገው። ከዚያ ወደ እኔ ቤት ዞረችና «እትዬ! የእሳት ቤቷ!» አለች። እኔን ነው። ጠራችኝ። እኔ አንድ ቀን ሳልጠራት፣ እሷ ለቤቴ ስም አውጥታ ጠራችኝ።

አልሄድኩም። ሌሎቹ ግን ሄዱ። መጀመሪያ ቀን «እስኪ ጉዷን እንይ» ብለው ነው፤ በበነጋው «ትንሽ ዝንጅብል ያንሰዋል፣ ደግሞ እንቅመሰው» ብለው። ከዚያ ወዲያ ሰበብ መፈለግም ተዉ። እኔ ቀድሜ እጠራለሁ፣ እሷም ተከትላ ትጠራለች፤ ጎረቤቶቼ ከየቤታቸው ወጥተው መንገዱ መሀል ትንሽ ቆም ይሉና፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ ወደ ማዶ ይታጠፋሉ። ባሌ ሳይቀር አንድ ቀን ለሰላምታ ብሎ ገባና ሲመለስ «ዛሬ ሸሚዜ ጭስ አይሸትም» አለኝ። ሰው ለሚስቱ እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል? እስከ እራት ድረስ ዘጋሁት።

በየቀኑ የማፈላውን ጨሞ ከባሌና ከአማቴ ጋር ለሦስት ተቀምጠን እንጠጣለን። የማሰሮው ሆድ ሰፊ ነው፤ የተረፈውን ከጓሮው ቡና ሥር እደፋዋለሁ። ለሰው ብዬ ያነደድኩት ግንድ ለማንም ሳይሆን ሲነድ ማየት እንዴት ያናድድ ነበር! ብቻ እሳቱን አላጠፋሁትም። ማጥፋት መሸነፍ መሰለኝ።

አማቴ እስካሉ ድረስ ግን ቤቴ ቤት ነው እል ነበር። የሰፈሩ ሰው ጨሞ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው እሳቸው ቀምሰው ፊታቸውን ካየ በኋላ ነው። ታዲያ አንድ ጠዋት ከጓሮ ቅጠል ቀንጥሼ ስመለስ በርጩማቸው ባዶ ነው። ወደ ማዶ ብመለከት ነጠላቸውን ደርበው፣ ምርኩዛቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ በጅማዋ በር አጠገብ ቅል ይዘው ተቀምጠዋል። ይስቃሉ። ከሩቅ እንኳ ድዳቸው ይታያል። የቀነጠስኩትን ቅጠል መሬት ላይ ጣልኩት።

እስኪመለሱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። «እማማ፣ የእኔ ጨሞ ምን ጎደለው?» አልኳቸው። ይህን ስንነጋገር በቤንችኛ ነው፤ በአማርኛ ሳስቀምጠው ቁጣዬ የረከሰ ይመስለኛል።

«ምንም አልጎደለው» አሉ። «የአንቺ ይሻላል። እሷ ጤና አዳሙን ታበዛዋለች።»

«እና?»

ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ደረቅ ነበር። አማቴ ዓይናቸው ሳያነባ ያየሁበትን ጊዜ አላስታውስም፤ ጠዋት ጠዋት በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነው የሚቀመጡት፣ እኔም ሰው ሲጠይቀኝ «እርጅና ነው» እላለሁ። ለካ እርጅና ሳይሆን የእኔ ግንድ ኖሯል።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እሳቱን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ» አሉ። «የሰጠሁትን ጭሱ አቃጠለኝ ልበል?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ልቡ ይሰበርና ይስተካከላል። እኔ ደግሞ የባሰ ቀናሁ። የአማቴን ዓይን ያደረቀችው እሷ መሆኗ አንገበገበኝ። እኔ አብሬያቸው ስኖር ያላየሁትን ያቺ ትናንት የመጣች አይታዋለች! ወዲያው ወሰንኩ፤ እኔም ምድጃ እሠራለሁ፣ የእሷን የሚያስንቅ ምድጃ።

ሠራሁ። ማንንም ሳላማክር፣ ባሌን ጭቃ አስረግጬ፣ ከእሷ እጥፍ የሚሆን ምድጃ ገነባሁ። ሁለት አፍ፣ ሁለት ጭስ ማውጫ፣ ግንባሩ ላይ በነጭ አፈር የተሣለ አበባ። አፉን ግን ሰፊ አደረግሁት፤ ምክንያቱም ግንዴ መግባት አለበት። እሳቴ እንዳይጠፋ። ይሄን ስሠራ ምንም ስህተት አልታየኝም፣ ይልቁንም በብልሃቴ ተደንቄ ነበር። ባለሙያዋን ሄጄ ጠራኋት። መጣች፣ አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች።

«እትዬ፣ ይሄ ምድጃ ነው ወይስ ዳቦ ቤት?» አለችኝ። «ከጉልቻው ይልቅ እንጨት የሚበላው ይሄ ነው። ግንድ ለማስገባት ከሆነ ለምን ደከሙ?»

ሳቋን ብትይዝም አፏ ላይ ታየኝ። ሲመሽ ወሬው የዋንዛዋም ዘንድ፣ የወፍጮ ቤቷም ዘንድ ደርሷል።

በበነጋው የጅማዋ መጥታ ደጃፌ ላይ ቆመች። ባልዲ ጭቃ ይዛለች፣ እጅጌዋ እንደተሰበሰበ ነው። «ላጥብበው ብዬ ነው፤ ከፈቀዱልኝ» አለች። ሂጂ ልላት አፌን ከፈትኩ። አማቴ ከውስጥ «ትግባ» አሉ። ገባች።

ተንበርክካ አንዱን አፍ ሙሉ በሙሉ ደፈነችው፣ ሁለተኛውን እጇ ብቻ እስኪገባ አጠበበችው። አበባዬን ግን አልነካችውም፤ ዙሪያውን ዞራ ነው የለሰነችው። እኔ ቆሜ አያለሁ፣ ውሃ ሳቀብላት እንኳ ፊቴን አዙሬ ነው። ግንዴ ጥግ ላይ ተጋድሟል፤ ከእንግዲህ የትም አይገባም። ስትጨርስ እጇን እየታጠበች ቀና ሳትል ተናገረች።

«እትዬ፣ ልጠይቅዎት? እዚህ ሰፈር ከገባሁ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በር ላይ እቆም ነበር። ሁሉንም ይጠራሉ። አሁን ወደኔ ይዞራሉ፣ አሁን ይዞራሉ እላለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኝ ነበር። በምን ቅር አሰኝቼዎት ነው?»

«ቅጠል አትጠጣም ብዬ ነው» አልኳት።

«ማን አለዎት?»

የውሃውን ጣሳ አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። «በእርስዎ እንዴት እቀና እንደነበር!» አለች ቀጥላ። «ጥሪውን ያጠናሁት እርስዎን እየሰማሁ እኮ ነው። ምድጃውንም ስሠራ፣ ጭስ ከሌለው እማማ እንኳ ይመጡልኛል ብዬ ነው። አየር ንብረቱንማ ማን አሰበው!»

ባለሙያዋ ይህን ብትሰማ ምን ትል ነበር እያልኩ ዛሬም አስባለሁ። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የዋንዛዋ የእኔን አይታ ሠራች፣ የጥጓ የዋንዛዋን አይታ ሠራች፤ ያቺው ፌስታል ያንጠለጠለችው እንኳ አንዷ በዘንቢል ገበያ ስትወጣ አይታ እሷም ዘንቢል ገዛች። በሚቀጥለው ስብሰባ ባለሙያዋ የእኛን ሰፈር ተነሡ ብላ አስጨበጨበችልን፣ «ይህ የግንዛቤ ውጤት ነው» አለች። እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። የጅማዋም ያኔ እጇን አወጣች። እኔ እንደሆነ በግንዛቤ አንድ እንጨት አልቀነስኩም፤ በቅናት ነው እሳቴን ያጠፋሁት።

ከዚያ ወዲህ ጨሞው በተራ ሆነ፤ አንድ ቀን እኔ ቤት፣ አንድ ቀን እሷ ቤት። በእኔ ተራ «የጅማዋ!» ብዬ እጣራለሁ፤ የመጨረሻ አድርጌያት ነው፣ ስለዚህ ድምፄን ሳብ አድርጌ የምለቀው በእሷ ነው። ቅናቱ ለቀቀኝ አልልም። ሰዎቹ በእሷ ተራ ይበልጥ ይስቁ እንደሆነ ጆሮዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። ጤና አዳም እንድትቀንስም አልነገርኳትም። አንድ ቀን ግን ከማንም በፊት መጥታ፣ ማሰሮው ሳይደርስ፣ ሁለታችን ብቻ ተቀምጠን ቅጠል ስንቀነጥስ ሌሎቹ እንዳይመጡ ስመኝ ራሴን ያዝኩት። ጥሪውን ሆን ብዬ አዘገየሁት።

ባሏ ሱቁን ወደ ቴፒ ሲያዛውር ዕቃዋን በአይሱዙ ጫነች። ምድጃው ግን አይጫንም። አማቴ አለቀሱ፤ ያኔ ጭስ አልነበረም። እኔ አላለቀስኩም። «ያው ቴፒ ቅርብ ነው» አልኩና ኮረሪማ በከረጢት ቋጥሬ ሰጠኋት። መኪናው ሲንቀሳቀስ አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

አሁን ጨሞው በየቀኑ እኔ ቤት ነው። የፈለግሁት ይኸው ነበር አይደል? ሁሉም ይመጣሉ። ቅላቸውን ይዘው ይቀምሱና «የጅማዋ ብትኖር ጤና አዳም ትጨምርበት ነበር» ይላሉ። እዚህ ከሌለች ሴት ጋር እንዴት ይፎካከራሉ? ማዶ ያለው ቤት ተዘግቷል፤ ጭስ ማውጫው ላይ ወፍ ሠፍሮበታል።

ትደውላለች። ለእኔ ሳይሆን ለአማቴ ስልክ ነው የምትደውለው፣ ጨሞ ላይ መሆናችንን አውቃ። አማቴም ድምፁን ከፍ አድርገው በርጩማው ላይ ያስቀምጡታል። ባለፈው ሰሞን እንዲሁ ደወለች። ቴፒ ምድጃ ሠርታለች፣ ጎረቤቶቿም ከየት ከየት የመጡ ናቸው፣ ሸኮዎችም ከፋዎችም አሉ አለች። ከኋላዋ ሴቶች ሲስቁ ይሰማል፤ ብዙ ናቸው፣ ሳቃቸውም የጠገበ ነው። የማላውቃቸው ሴቶች፣ የማላውቀው ደጅ። ከዚያ ስልኩን ከአፏ አራቅ አድርጋ «ጨሞ ደርሷል፣ ኑ!» ብላ ተጣራች። ምልክቶቹን እየጠራች ሄደች፤ አንዳቸውንም አላውቃቸውም፤ የመጨረሻዋን ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። እኔን የምትጠራበት ቦታ ላይ ሌላ ሴት «መጣሁ!» ስትል ሰማሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ በዚያች ሴት የቀናሁትን ያህል በማንም ቀንቼ አላውቅም።

«እትዬ አሉ?» አለች ወደ ስልኩ ተመልሳ። «እስኪ ያገናኙኝ።»

አማቴ ስልኩን ወደ እኔ ገፉት። ሁሉም ያዩኛል።

«ማሰሮዬ እየገነፈለ ነው፣ አሁን አይመቸኝም በሏት» አልኩና ተነሥቼ ወደ ምድጃው ዞርኩ። እሷ እንዳስተማረችኝ፣ እሳቱን ካጠፋሁት ቆይቷል።